ፊልሙ ሌላ፣ ሰውየው ሌላ

ስለ አልዛይመር መድኃኒቶችና ስለ አንጎል ምስል፣ ቱሉ ዲምቱ በሚገኝ የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች እድር አዳራሽ እሑድ ከሰዓት የተደረገ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ? ድምፄ ከኋላ ይሰማል? እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የእድራችሁን ዳኛና ይህን ጉባኤ ያሰናዱትን ሁሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ቆማችሁ ያላችሁ ወደ ፊት ኑና ተቀመጡ፤ የፊት ወንበር ዕዳ የለበትም።

ዛሬ ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ፣ ሐኪም "ሲቲ ስካን ተነሡ፣ ኤምአርአይ ተነሡ" ሲል በእነዚህ የአንጎል ምስሎች ምን እየፈለገ እንደሆነ። ሁለተኛ፣ አልዛይመር ለሚባለው የመርሳት በሽታ የሚታዘዙት መድኃኒቶች ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደማይሠሩና አወሳሰዳቸው የት ላይ እንደሚበላሽ። ሦስተኛው ከሁሉ ያስቸግራል፤ መድኃኒቱና ፊልሙ፣ ማለትም የአንጎሉ ምስል፣ ሲጣሉ የማንን ምስክርነት እንቀበላለን? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስሙ እንነሣ። እኛ ጋ ሰው መርሳት ሲጀምር "ጃጁ" እንላለን። "እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል" እንላለን። ይህ "ጃጁ" የሚሉት ቃል ግን ስንቱን በሽታ ሸፍኖ እንዳስቀረ! ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1901 ፍራንክፈርት ውስጥ የተቀበላት ታማሚ፣ አውጉስተ ዴተር፣ ዕድሜዋ 51 ነበር። በ51 ዓመት ይጃጃል? በ1906 ስትሞት አንጎሏን በማይክሮስኮፕ መረመረና ሁለት ነገር አየ። በሴሎቹ መካከል የተከመረ ነገር፣ በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ የተተበተበ ክር የመሰለ ነገር። የውጪውን ክምችት ዛሬ አሚሎይድ እንለዋለን፤ የውስጡን ትብትብ ታው። እነዚህን ሁለት ስሞች ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻ እንፈልጋቸዋለን። አሚሎይድ ውጪ፣ ታው ውስጥ።

አሁን ቡና እናፍላ። ከመሀል ከተማ ተነሥተው እዚህ አራተኛ ፎቅ የገቡ አንዲት እናት አሉ እንበል። ቡናውን ያጥባሉ፣ ይቆላሉ፣ ጭሱን ያዞራሉ፣ ያስወቅጣሉ፣ ጀበናውን ይጥዳሉ። እጃቸው ምንም አልረሳም። አቦሉ ሲቀዳ ለጎረቤት "ልጅሽን መቼ ነው የምትድሪው?" ይላሉ። ይመለስላቸዋል። ቶና ላይ፣ "ልጅሽን መቼ ነው የምትድሪው?" በረካ ላይ፣ አሁንም "ልጅሽን መቼ ነው የምትድሪው?" እኚሁ እናት ስለ ስድሳ ስድስቱ አብዮት ጠይቋቸው፤ ማን ከማን ጋር የት እንደተሰለፈ አንድ ሳያጎድሉ ይነግሯችኋል። ቤተሰብም "የጥንቱን ያስታውሳሉ፣ ምንም አልሆኑም" ይላል።

እንዴት ይህ ሊሆን ቻለ? በሁለቱ ጆሮዎች አቅጣጫ፣ አንጎል ውስጥ ጠለቅ ብሎ፣ በግራም በቀኝም ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ። እንደ መዝገብ ቤት ሠራተኛ አስቡት። አዲስ ደብዳቤ ሲገባ ተቀብሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ ወደ መደርደሪያው የሚልክ እሱ ነው። አልዛይመር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያጠቃው ይህን ሠራተኛ ነው። የድሮዎቹ ፋይሎች ቀድሞ ሌላ ክፍል ገብተዋል፤ አሉ። የዛሬው መልስ ግን አልተመዘገበም። ካልተመዘገበ ከየት ይውጣ? "አሁን ነገርኩሽ አይደለም?" ብሎ መቆጣት ያልተመዘገበ ፋይል ካላመጣችሁ ብሎ መጨቃጨቅ ነው። ከዓመታት በኋላ ያልተወቀጠውን ቡና ጀበና ውስጥ ሲጨምሩ ካያችሁ፣ ያኔ በሽታው ከመዝገብ ቤቱ አልፎ የሥራ ቅደም ተከተል ወደሚያዝበት ክፍል ገብቷል ማለት ነው።

እዚህ ሰፈር አንድ ነገር አስተውሉ። መንገድ ማወቅም በከፊል የሂፖካምፐስ ሥራ ነው። አንዱን ብሎክ ከሌላው የሚለየው ግድግዳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው። ጤነኛ አረጋዊም ቤት በቀየረ በመጀመሪያዎቹ ወራት ደረጃ ይሳሳታል። ስለዚህ "ጠፉ" ብቻ አትበሉኝ፤ ከወር ወር እየለመዱ ነው ወይስ እየባሰባቸው? ሐኪሙ ከእናንተ የሚፈልገው ይህን ነው።

ወደ አንደኛው ነጥብ ልግባ፤ ምስሉ።

ሲቲ ስካን የአልዛይመር ምርመራ አይደለም። ደግሜ ልበለው፤ ሲቲ ስካን የአልዛይመር ምርመራ አይደለም። ታዲያ ለምን ይታዘዛል? ሌላ ነገር እንዳያመልጥ ነው። አንድ አባት መታጠቢያ ቤት አዳልጧቸው ወደቁ እንበል። ግንባራቸው ትንሽ አበጠ፣ ቅቤ ተቀባ፣ ተረሳ። ከአራት ሳምንት በኋላ ቀን ቀን ያንቀላፋሉ፣ ስም ይስታሉ፣ አንድ እግራቸውን ይጎትታሉ። ቤተሰብ "ጃጁ" ይላል። በዕድሜ አንጎል ሲሰበሰብ ከራስ ቅል ጋር የሚያገናኙት ቀጫጭን ደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ በትንሽ ግጭት ይበጠሳሉ፤ ደሙ በአንጎልና በራስ ቅል መካከል በቀስታ ይጠራቀማል። ሲቲ ይህን በጥቂት ደቂቃ ያሳያል። ቀዶ ሐኪም ቀዳዳ አበጅቶ ደሙን ሲያወጣው ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ ራሳቸው ይመለሳሉ። ደም የሚያቀጥኑትን አስፕሪን ወይም ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች ላይ ደግሞ ይበልጥ ጠርጥሩ። ሲቲ ዕጢንም ያሳያል፤ ስትሮክ ጥሎት የሄደውን ጠባሳም፤ ፈሳሽ በአንጎል ጓዳዎች መጠራቀሙንም። ይህ የመጨረሻው በሦስት ነገር ይታወቃል፤ እግር ወለሉ ላይ የተጣበቀ ይመስል አረማመድ ይበላሻል፣ ሽንት ያመልጣል፣ ማስታወስ ይዳከማል። ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ፣ በተለይ አረማመዱ ከቀደመ፣ ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩት።

ከምስሉ ጎን የደም ምርመራ አለ፤ ቫይታሚን ቢ12፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ። ዋጋቸው ከኤምአርአይ ጋር አይወዳደርም። ሁሉም ሊታከም የሚችል ነገር ይፈልጋሉ። እነዚህን ዘሎ ለኤምአርአይ ገንዘብ የሚያዋጣ ቤተሰብ ጓዳውን ሳይፈትሽ የጠፋበትን ቁልፍ ጎረቤት የሚፈልግ ሰው ነው። ድባቴም የመርሳት በሽታ መስሎ ይመጣል፤ ልጅ የቀበረች እናት "አላስታውስም" ስትል መዝገብ ቤቱ ሳይሆን ልቧ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

ኤምአርአይ ላይ ሐኪሙ ሂፖካምፐስን ያያል። አንጎልን እንደ ድፎ ዳቦ በቁሙ፣ ከግንባር ወደ ማጅራት ተርታውን እንደሚቆረጥ አድርጋችሁ አስቡት። ትክክለኛው ቁራጭ ላይ ሲደርስ ሦስት ነገር ይለካል፤ ከሂፖካምፐስ ጎን ያለው ስንጥቅ ምን ያህል ሰፋ? አጠገቡ ያለው የፈሳሽ ጓዳ ምን ያህል ተከፈተ? የሂፖካምፐሱ ቁመትስ ምን ያህል አነሰ? ከዚያ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጠዋል። ከ75 ዓመት በታች ላለ ሰው 2 እና ከዚያ በላይ ያሳስባል፤ ከ75 በላይ ላለ ሰው ግን 3 መድረስ አለበት፤ ምክንያቱም ዕድሜ ብቻውን ትንሽ ያሳንሰዋል። ስለዚህ ውጤቱ ላይ "2" የሚል አይታችሁ ለ82 ዓመት አባታችሁ ማልቀስ አትጀምሩ። ደግሞም የጠራ ኤምአርአይ "አልዛይመር የለም" ማለት አይደለም፤ አሚሎይዱ ምልክት ከመታየቱ ከ15 እና ከ20 ዓመት በፊት መከማቸት ስለሚጀምር ምስሉ ዘግይቶ ነው የሚከተለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ቁጥሩ ደስ ስለሚለኝ ነው። አንዱ ሂፖካምፐስ ወደ 3 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። የብዙ ጥናቶች ድምር እንደሚያሳየው በጤነኛ አረጋዊ በዓመት ወደ 1.4 በመቶ፣ በአልዛይመር ታማሚ ወደ 4.7 በመቶ ይቀንሳል። ከ3 ሚሊ ሊትር 4.7 በመቶ ስንት ነው? 0.14 ሚሊ ሊትር። ሦስት ጠብታ ውሃ! በዓመት ሦስት ጠብታ ነው የምንፈልገው። እናታችን ማሽኑ ውስጥ "ማነው የሚያንኳኳው?" ብለው አንገታቸውን ቀና ካደረጉ፣ ሦስቱ ጠብታዎች ጠፉ። ዘንድሮ በአንድ ማሽን፣ ለከርሞ በሌላ ማሽን ከተነሡም ጠፉ፤ ልዩነቱ የበሽታው ይሁን የማሽኑ አይታወቅም።

ስለዚህ የኤምአርአይ ቀን ምን እናድርግ? ከ30 እስከ 45 ደቂቃ መተኛት አለ፤ ስለዚህ ከመግባታቸው በፊት ሽንት ቤት ይውሰዷቸው። ማሽኑ እንደ መዶሻ ይጮኻል፤ የጆሮ መድፈኛ ጠይቁ። የጆሮ ማዳመጫ መሣሪያ፣ ጥርስ፣ የፀጉር ሽቦ፣ ሐብል ይውለቅ። ማተቡ ክር ከሆነ ችግር የለውም፤ የተንጠለጠለው መስቀል ብረት ከሆነ ግን ይውለቅ። ነጠላው ላይ የሚያብረቀርቅ ብረት ነክ ጥለት ካለ ውጪ ይቅር፤ ሊግል ይችላል። የልብ ምት ማስተካከያ ያለው፣ ሰውነቱ ውስጥ ፍንጣሪ የቀረበት የቀድሞ ወታደር፣ ብረት ቀጥቃጭ ወይም በያጅ ሆኖ ዓይኑ ውስጥ ፍንካች ገብቶ የሚያውቅ ሁሉ አስቀድሞ ይናገር። ይህ የወግ ጥያቄ አይደለም፤ ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ነው፤ ብረቱን ከቦታው ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

አንድ ስሕተት ደግሞ አለ። "ትናንት ማታ ቁጭ ብለን አስረድተናቸዋል" ይባላል። ለማን? አዲስ ነገር ለማይመዘግብ ሰው! ማስረዳት በሩ ላይ ነው፤ ባጭሩ፤ "እማዬ፣ ይጮኻል፣ አያምም፣ አይንቀሳቀሱ፣ እኔ እዚህ ነኝ።" ባለሙያውንም በየመሀሉ በማይክ እንዲደግምላቸው ለምኑት። "እንዲረጋጉ" ብላችሁ ቤት ያለ ዲያዜፓም ሰጥታችሁ እንዳታመጧቸው፤ አረጋዊን ያደናብራል፣ ይጥላል፣ ማግስቱንም ያበላሻል። ማዘዣው ላይ ደግሞ "ኤምአርአይ፣ አንጎል" ብቻ እንዳይጻፍ ሐኪሙን ጠይቁ። "የመርሳት ችግር፣ ሂፖካምፐስ ይታይ" ተብሎ ከተጻፈ የምስል ባለሙያው ቀጫጭኑን የቁም ቁራጭ ያነሣል፤ ካልተጻፈ ላያነሣው ይችላል፤ ገንዘቡ ግን ያው ነው።

ፔት የሚባል ምስልም አለ፤ አሚሎይዱን ራሱን እንዲበራ የሚያደርግ። የሚወጋው ንጥረ ነገር የያዘው ፍሎሪን 18 በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል፤ ጠዋት የተሠራው ከሰዓት አይቆይም። ለዚህ ነው ውድ የሆነው፣ ለዚህም ነው ዓለም ፊቱን ወደ ደም ምርመራ ያዞረው። አሜሪካ ውስጥ በግንቦት 2025 ለአልዛይመር የመጀመሪያው የደም ምርመራ ፈቃድ አግኝቷል፤ ምልክት ለታየባቸው፣ 55 ዓመት ለሞላቸው።

ሁለተኛው ነጥብ፤ መድኃኒቱ። እዚህ እንቆያለን።

የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት አሴቲልኮሊን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በአልዛይመር እሱን የሚያመርቱ ሴሎች ይሞታሉ። ዶኔፔዚል፣ ሪቫስቲግሚንና ጋላንታሚን የተረፈው አሴቲልኮሊን ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋሉ። ውሃ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣበት ቤት አስቡ፤ ታውቁታላችሁ። መድኃኒቱ የጄሪካኑን ቀዳዳ ያጠባል፤ ቧንቧውን አያስመጣም። ከዚህ በላይ አትጠብቁ፤ ከዚህ በታችም አትናቁት። በጥናት ሲለካ ከ70 ነጥብ በሚታሰበው ፈተና ላይ ልዩነቱ ከ2 እስከ 3 ነጥብ ነው። ቤት ውስጥ እንዴት ይታያል? ጥያቄው በቡና ሦስቴ የነበረው ሁለቴ ይሆናል፤ ቴሌቪዥን ተከታትለው ይስቃሉ፤ ወይም ባሉበት ለተወሰኑ ወራት ይቆያሉ። "አልተለወጡም" ብሎ ማቋረጥ ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ መውረድ በነበረበት ሰው ላይ አለመለወጥ ራሱ የመድኃኒቱ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ዶኔፔዚል በ5 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ይጀመራል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ወደ 10 ይወጣል። ለምን አይቸኮልም? ማቅለሽለሹና ተቅማጡ የሚመጣው አካሉ ሳይለምድ ሲጨመር ነው። በሌሊት አስፈሪ ሕልም እያዩ ከጮኹ መድኃኒቱን አትጣሉት፤ ሐኪሙን አማክራችሁ ወደ ጠዋት አዛውሩት፤ ብዙ ጊዜ በዚሁ ይቆማል። ትልቁ ጥንቃቄ ግን ልብ ነው። መድኃኒቱ የልብ ምትን ያዘገያል። ከመጀመሩ በፊት የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይነሣ። ቤት ውስጥ የእጃቸውን አንጓ ይዛችሁ ሙሉ 60 ሴኮንድ ቁጠሩ፤ 15 ቆጥራችሁ በ4 አታባዙ። ከ50 በታች ከሆነ፣ ወይም ብድግ ሲሉ ከወደቁ፣ ቀጣዩን ክኒን ሳትሰጡ ሐኪም ጋ። ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል ለደም ግፊት የሚወስዱ ከሆነ ሁለቱ ይደራረባሉ። የዓይን ግፊት ጠብታ ቲሞሎልስ? እሱም ወደ ደም ይገባል፤ እሱም ልብ ያዘገያል። "ጠብታ ነው" ብላችሁ ሳትናገሩ አትቅሩ። ለጉልበት ሕመም ዳይክሎፌናክ የሚያዘወትሩ ከሆነ ደግሞ ጨጓራቸው ሊደማ ይችላል።

ሪቫስቲግሚን ከምግብ ጋር ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ እናት ጠዋት በባዶ ሆድ ከዋጡት ያስታውካቸዋል። ጹሙ አትጹሙ ማለት የእኔ ሥራ አይደለም፤ ሐኪሙ ግን መጾማቸውን ካወቀ ሰዓቱን ያስተካክለዋል፣ ወይም ከምግብ ጋር የማይተሳሰረውን ዶኔፔዚልን ይመርጣል። ሁለተኛው ነገር ጠበል ነው። ሰባት ቀን ጠበል ገብተው መድኃኒቱን አቋርጠው ይመለሳሉ፤ ልጅ ከቆመበት 6 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ከዚያ የማይቆም ትውከት። ሪቫስቲግሚን ከሦስት ቀን በላይ ከተቋረጠ እንደ አዲስ ከ1.5 ሚሊ ግራም ነው የሚጀመረው። ከጠበል አትቅሩ፤ መድኃኒቱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ካቋረጣችሁ ግን ሳትጠይቁ አትቀጥሉ።

በቆዳ ላይ የሚለጠፈው የሪቫስቲግሚን ፕላስተር ለጨጓራ ይሻላል። የሚያጣላው አንድ ነገር ነው፤ የትናንቱን ሳይነቅሉ የዛሬውን መለጠፍ። ልጅ ጠዋት ይለጥፋል፣ ምራት ማታ ትለጥፋለች፣ ጀርባቸው ላይ ሦስት ይገኛል። በዚህ ሰው ሞቷል። መጀመሪያ የድሮውን ንቀሉ፣ ለሁለት አጥፉ፣ ጣሉ፤ ከዚያ በሌላ ቦታ አዲሱን። ያው ቦታ ላይ እስከ 14 ቀን አትመለሱ። ፕላስተሩ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ጻፉበት።

ሜማንቲን ሌላ መንገድ ይሄዳል፤ በመካከለኛና በከባድ ደረጃ ላሉ ነው። በ5 ሚሊ ግራም ጀምሮ በየሳምንቱ 5 እየጨመረ እስከ 20 ይደርሳል። በኩላሊት ስለሚወጣ ኩላሊታቸው በጣም የደከመ ሰዎች ግማሹን ነው የሚወስዱት፤ ክሪያቲኒን የሚባለው የኩላሊት የደም ምርመራ ሳይታይ 20 ማድረስ ልክ አይደለም። ስለ ጋላንታሚን ብዙ አልልም፤ የዶኔፔዚል ዘመድ ነው።

አሁን ይህን ስሙኝ። ቤታችሁ ያለውን የመድኃኒት ፌስታል ጠረጴዛ ላይ ገልብጡት። ለእንቅልፍ አሚትሪፕቲሊን፣ ለጉንፋን ክሎርፌኒራሚን ያለበት ሽሮፕ፣ ለማሳከክ ፕሮሜታዚን፣ ለሆድ ቁርጠት ሃዮሲን፣ ለእጅ መንቀጥቀጥ ትራይሄክሲፌኒዲል ይወጣል። እነዚህ ሁሉ አሴቲልኮሊንን ይዘጋሉ! አንዱ እጅ የጄሪካኑን ቀዳዳ ሲያጠብ ሌላው እጅ በሚስማር ይበሳዋል። ሁለቱን አብሮ መስጠት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ሰውየው አልዛይመር ባይኖርበት እንኳ እነዚህ ብቻቸውን ያስረሳሉ፣ ያስቃዣሉ። ለጥርስ ሕመም የሚታጠነው አስተናግርም የዚሁ ወገን ነው፤ አባቶቻችን ስሙን ሲያወጡለት የሚያደርገውን አይተው ነው። ስለዚህ ኤምአርአይ ከመነሣቱ በፊት ይህ ፌስታል ሐኪም ፊት ይገልበጥ። በጥቂት ሳምንት የሚመለስ አእምሮ ፌስታሉ ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል።

ማታ ማታ ለሚነሡ፣ ለሚጮኹ፣ "ቤቴ ውሰዱኝ" ለሚሉ ደግሞ ሃሎፔሪዶል የሚባል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይሰጣል። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2005 ለአዲሶቹ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች፣ በ2008 ደግሞ ሃሎፔሪዶልን ጨምሮ ለቀድሞዎቹ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ ሞት ይጨምራሉ። በድንገት የጀመረ መበሳጨት ከሆነ መጀመሪያ የሽንት ኢንፌክሽን፣ ድርቀት፣ የሽንት መታገድ፣ ሕመም ይፈለግ። ለሦስት ቀን ያልተጸዳዳ ሰው መናገር ካቃተው በጩኸት ነው የሚናገረው።

ሦስተኛው ነጥብ። አሚሎይድና ታው ያልኳችሁን አልረሳችሁም አይደል?

በእነዚህ በጥቂት ዓመታት አሚሎይዱን ከአንጎል የሚጠርጉ መድኃኒቶች መጥተዋል። ሌካኔማብ በ2023፣ ዶናኔማብ በ2024 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ አገኙ። ቀድሟቸው በ2021 የተፈቀደው አዱካኑማብ ግን አምራቹ ራሱ በ2024 ትቶታል። የሌካኔማብ ጥናት 1,795 ሰው ለ18 ወር የተከታተለ ነው። ፔት ላይ አሚሎይዱ ተጠረገ፤ ምስሉ ነጣ። ሰዎቹስ? ከ18 ነጥብ በሚለካው መመዘኛ ማስመሰያ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበትን፣ የወሰዱት በ1.66 ወረዱ፣ መድኃኒቱን የወሰዱት በ1.21። ልዩነቱ 0.45፤ በመቶኛ 27 በመቶ የዘገየ መውረድ። ዘገየ እንጂ አልቆመም፤ አልተመለሰም። ፊልሙ ሌላ፣ ሰውየው ሌላ።

የሚገርመው ደግሞ ይመጣል። አሚሎይድ የጠረጉት ሰዎች ኤምአርአይ ሲታይ አጠቃላይ የአንጎላቸው መጠን ማስመሰያ ከወሰዱት ይልቅ ቀንሷል፤ የፈሳሽ ጓዳዎቹም ሰፍተዋል! በ2023 የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር ይህን አሳይቷል፤ በ2002 የተቋረጠው የመጀመሪያው የአሚሎይድ ክትባት ሙከራም ያንኑ አሳይቶ ነበር። ክምችቱና አብሮት ያለው እብጠት ሲወጣ ቦታው ባዶ ቀረ የሚሉ አሉ፤ ጉዳት ነው ብለው የሚጠራጠሩም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ወደ ዶኔፔዚል ስትመለሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በ2015 በወጣ የፈረንሳይ ጥናት በመጀመሪያ ደረጃ ያሉ ሰዎች 10 ሚሊ ግራም ለአንድ ዓመት ወሰዱ፤ የሂፖካምፐሳቸው መቀነስ 45 በመቶ ዘገየ። በማስታወስ ፈተናውስ? ከማስመሰያው ጋር ልዩነት አልታየም። አያችሁ? አንዱ መድኃኒት ፊልሙን አሳምሮ ሰውየውን ባለበት ተወው፤ ሌላው ሰውየውን ትንሽ ደግፎ ፊልሙን አከፋው። ታዲያ "ኤምአርአይ ደግማችሁ ንገሩን፣ መድኃኒቱ ሠርቷል ወይ?" ብትሉኝ ምን ብዬ ልመልስ? ለዶኔፔዚል መልሱ ያለው ከማሽኑ ዘንድ ሳይሆን ከእናንተ ዘንድ ነው። ዛሬ ምን ይሠራሉ? ሳንቲም ይቆጥራሉ? ልብስ በተራው ይለብሳሉ? በደብተር ጻፉት፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ድገሙት።

ለአዲሶቹ መድኃኒቶች ግን ኤምአርአይ የግድ ነው፤ ምክንያቱ ሌላ ነው። አሚሎይዱ በአንጎል ደም ሥሮች ግድግዳም ውስጥ አለ። ሲጠረግ ግድግዳው ይሳሳል፤ ውሃ ይጥላል ወይም ደም ያንጠባጥባል። ይህን አሪያ ይሉታል። በሌካኔማብ ጥናት ውሃ የመጣሉ 12.6 በመቶ፣ የመድማቱ 17.3 በመቶ ሰዎች ላይ ታይቷል፤ ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው፣ በኤምአርአይ ብቻ። ለዚህ ነው መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊትና በመጀመሪያዎቹ ወራት በተደጋጋሚ የሚነሣው። ጥቃቅን የደም ነጠብጣብ ከ4 በላይ ያለባቸው፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ባብዛኛው አይጀምሩትም። ኤፒኦኢ 4 የሚባለውን የዘር ቅጂ ከእናትም ከአባትም የወረሱ ላይ ውሃ መጣሉ 32.6 በመቶ ደርሷል። የበለጠ የሚያሳስበው፣ አሪያ ስትሮክ መስሎ ሊመጣ ይችላል፤ ድንገተኛ ክፍል የደም መርጋት ማሟሟያ ሲሰጥ ከባድ የአንጎል መድማት ተከትሎ የሞተ ሰው በሕክምና መጽሔት ተዘግቧል።

ይህን ሁሉ ያልኩት ለምንድን ነው? አሜሪካ ያለ ልጅ ደውሎ "እማዬ ለምን አዲሱን አልጀመረችም፣ እኔ ልላክ" ስለሚል ነው። ፍቅር ነው፤ አይከፋበትም። ግን ሌካኔማብ ክኒን አይደለም። ሲጀመር በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር፣ በአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊ ግራም እየተሰላ፣ ወደ አንድ ሰዓት የሚንጠባጠብ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ይበላሻል። አሚሎይድ መኖሩ በምርመራ ሳይረጋገጥ አይጀመርም። ለበሽታው መጀመሪያ እንጂ ለገፋ ሰው አይደለም። አሜሪካ ሲወጣ የዓመት ዋጋው 26,500 ዶላር ነበር። በሻንጣ ተልኮ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አይደለም።

ጥያቄ ካለ። አዎ፣ ከኋላ ነጠላ ያደረጉት እናት።

እማማ የጠየቁት፣ የባለቤታቸው ኤምአርአይ ከሁለት ዓመት በፊት ተነሥቷል፣ ይደገም ወይ ነው። ዶኔፔዚል እየወሰዱ በቀስታ የሚወርዱ ከሆነ አይደገም፤ ገንዘብዎን ለምግብና ለሚጠብቃቸው ሰው ያውሉት። በድንገት ከባሰባቸው፣ ከወደቁ፣ አንድ ጎን ከደከመ፣ አዲስ ራስ ምታት ካለ፣ የሚጥል በሽታ ከተነሣ፣ አዎ፣ ያውም በዚያው ቀን፤ ያኔ ሲቲ ይበቃ ይሆናል። የድሮውን ምን አድርገውታል? ፊልሙ አለ፣ ሲዲው ጠፋ? ሲዲው ነው የሚፈለገው፣ እማማ። ፊልሙ ላይ የተመረጠው ጥቂት ቁራጭ ብቻ ነው፤ ሲዲው ላይ ሁሉም አለ። ካነሡበት ቦታ ሄደው ኮፒ ይጠይቁ፤ የተነሡበትን ቀንና የካርድ ቁጥሩን ይያዙ። ሲያገኙት የልጅዎ ስልክ ላይም፣ ፍላሽ ላይም ያስቀምጡት፤ ከፌስታሉ ጋር አንድ ላይ አድርገው ለቀጣዩ ቀጠሮ ይምጡ።